ለደሴ ከፍታ የሰፋ ሞተር፦ ስለ ካርማን ጊያ ሲሊንደሮችና ፒስተኖች

ደሴ ላይ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ በእግሩ የሚያውቀው፣ ምክንያቱን ግን እምብዛም የማይጠይቀው ነገር አለ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጡትም መኪናው እንደ ልብ አይወጣም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው በሚስበው አየር መጠን ልክ ስለሆነ፣ ፋብሪካው 44 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ፒያሳ ላይ ሲደርስ 33 ያህሉን ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ካንዴላ በመቀየርም ሆነ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) በማጠብ የሚመለስ ነገርም አይደለም። በካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ሞተር ላለው ሰው ከፍታው የወሰደበትን የሚያስመልስበት ቀጥተኛው መንገድ ሞተሩ በአንድ ዙር የሚውጠውን አየር ማብዛት፣ ማለትም ሲሊንደሮቹንና ፒስተኖቹን በሰፋፊዎች መተካት ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የማስረዳው ግን ሥራውን ብቻ ሳይሆን፣ ልኩ ሲመረጥ ከፈረስ ጉልበቱ ይልቅ መኪናው የሚወርድበት መንገድ መታየት አለበት የምልበትን ምክንያት ጭምር ነው።

መኪናዬ ካርማን ጊያ የምትባል የቮልስዋገን መኪና ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1968 ሥሪት። ቅርጿን ያወጣው ቱሪን የሚገኘው የጊያ የንድፍ ቤት ሲሆን፣ አካሏን የሠራው ኦስናብሩክ የሚገኘው የካርማን ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ድረስ ተመርታለች። መንገድ ላይ የሚያስቆሙኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ፖርሽ ናት እንዴ?» ብለው ይጠይቁኛል። የስፖርት መኪና መሆኗን ለሚጠራጠር ሰው ቅርጿን አሳየዋለሁ፤ የኋላውን ክዳን ግን አልከፍትለትም፤ ምክንያቱም ከክዳኑ ሥር ያለው ሁላችንም የምናውቀው የቮልስ ሞተር ነው። አራት ሲሊንደር ያለው፣ ሁለቱ ወደ ግራ ሁለቱ ወደ ቀኝ የተጋደሙ፣ በውሃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው። በእኔዋ ላይ የነበረው 1,493 ሲሲ ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 83 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 69 ሚሊ ሜትር ነበር።

የዚህ ሞተር ትልቁ ምቾት እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው የሚወጣ መሆኑ ነው። በሌሎች ሞተሮች ላይ ስፋት መጨመር ማለት ሞኖብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) መቦረሽ፣ ማለትም ቀዳዳውን በማሽን ማስፋት ሲሆን፣ በዚህኛው ግን ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን አፍ የሚዘጋውን ራስ) ከፈቱ በኋላ ሲሊንደሩን በእጅ ስቦ አውጥቶ ሌላ መክተት ይቻላል። ስለዚህ ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» ሳይሆን «የትኛው ልክ ይሁን?» ነው። ይዘቱ የሚሰላው በግማሽ ዲያሜትር ካሬ ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ ትርጉም አለው። ጉዞው 69 ሆኖ ሳለ 85.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን 1,584 ሲሲ (ፋብሪካው 1600 የሚለው)፣ 87 ሲሆን 1,641፣ 88 ሲሆን 1,679፣ 90.5 ሲሆን 1,775፣ 92 ሲሆን ደግሞ 1,835 ሲሲ ይሆናል። በገበያ ላይ 94 የሚባለውም አለ፤ እሱ እኔ ከምነዳበት አገር ሙቀትና ዳገት ጋር የሚሄድ ስላልመሰለኝ ከመጀመሪያው ተውኩት።

ሰዎች መጀመሪያ የሚሄዱበት 87 እና 88 ነው፤ ምክንያቱም ሞኖብሎኩ ላይ ያለው ቀዳዳ 90 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እነዚህ ምንም ሳይቦረሽ ይገባሉ። ሞተሩን እስከ ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ እስከሚያዞሩት ዘንግ) ድረስ መበተን አያስፈልግም፤ የቶርኖ ቤትም ደጅ አይጠናም። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ ቀንሶ ማየት ይበቃል። ቀዳዳው 90 ሆኖ የሲሊንደሩ ውስጥ 85.5 ከሆነ፣ ወደ ሞኖብሎኩ የሚገባው የሲሊንደሩ እግር ውፍረት በየጎኑ 2.25 ሚሊ ሜትር ነው። 87 ሲሆን 1.5 ብቻ ይቀራል፤ 88 ሲሆን ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር፤ ይህ ከላሜራ እምብዛም የማይሻል ነገር ነው። ብረቱ ስስ ሲሆን ሙቀት ሲያገኘው ክብነቱን አይጠብቅም፤ ክብነቱን ካጣ ፋሻው (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት) ከግድግዳው ጋር ዙሪያውን አይገጥምም፤ ፋሻው ካልገጠመ ደግሞ ጋዝ ወደ ታች ያልፋል፣ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩም ማጨስ ይጀምራል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሙቀቱ መጠን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ይህ ጉዳይ የበለጠ ይከፋበታል። ለዚህ ነው 88 በእኔ ዓይን ከእጅ አይሻል ዶማ የሆነው፤ ደክሞ አውጥቶ ለጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር መንዳት ነው። 87 ቀላል መኪና ለሚነዳና ሞተሩን መበተን ለማይፈልግ ሰው ሊያስኬድ ይችል ይሆናል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ ዳገት በኩል ለሚመላለስ ግን አልመክርም።

90.5 የሚለየው ውጭው ስለሚሰፋ ነው። ይህን ልክ ለማስገባት የሞኖብሎኩ ቀዳዳ ከ90 ወደ 96 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የቴስታታው መቀመጫ ደግሞ ከ94 ወደ 98 ገደማ መስፋት አለበት። በዚህም ምክንያት የግድግዳው ውፍረት ከፋብሪካው የ1600 ሲሊንደር አያንስም። 92 የሚገባው በዚሁ በሰፋው ቀዳዳ ስለሆነ ውጭው አንድ ሆኖ ውስጡ ብቻ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ጎን 0.75 ሚሊ ሜትር ያጣል። ይህን ኮምቦልቻ ላሉት የቶርኖ ባለሙያ ባነሳሁላቸው ጊዜ የሰጡኝን መልስ እስካሁን አልረሳውም። «ጋሼ፣ አንዴ ከተቦረሸ 92 ብናደርገውስ?» አልኳቸው። በእጃቸው የያዙትን ሲሊንደር ገለበጡና አፉን በጥፍራቸው እያንኳኩ፣ «ልጄ፣ ስልሳ ሲሲ ታገኛለህ፤ ግድግዳ ታጣለህ። ሲሲው ዳገቱ ሲያልቅ ያልቃል፣ ግድግዳው ግን ሁልጊዜ ያስፈልግሃል። አብሽር፣ ይኼ ይበቃሃል» አሉኝ። በዚህ ተዘጋ።

የቡረሻ ሥራው የዋዛ አይደለም። የቮልስ ሞኖብሎክ በቁመቱ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን፣ ከመቦረሹ በፊት ሁለቱ ግማሾች በራሳቸው ቡሎኖች በትክክለኛው ጥብቀት መያያዝ አለባቸው፤ አለዚያ ቀዳዳው ክብ ሳይሆን እንቁላል ይሆናል። ከዚያም ሲሊንደሮቹ የሚቀመጡበት ፊት ከክራንክ ሻፍቱ መስመር እኩል መራቁ በአራቱም ቦታ ይለካል። ሞተሩ በዕድሜው ሲንቀጠቀጥ የኖረ ስለሆነ ፊቱ ተቆርጥሞ ሊገኝ ይችላል፤ በእኔዋ ላይ አንደኛው ጎን ከሌላው በጥቂት የሚሊ ሜትር መቶኛ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሁለቱም ተስተካክለው ተላጉ። ይህ ካልተደረገ የአንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ከሌላው ይለያል፤ ቴስታታውም ጠፍጣፋ ሆኖ አይቀመጥም።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ማስገባት ግድ ይለኛል። ይህ ሞኖብሎክ የማግኒዚየም ቅይጥ እንጂ ተራ አሉሚኒየም አይደለም። ሲቦረሽ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ እሳት ይይዛል፤ ከያዘ ደግሞ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ባለሙያው ብናኙን ሳይከማች ቶሎ ቶሎ ይጠርጉ ነበር፤ ከማሽኑ አጠገብም ደረቅ አሸዋ የተሞላ ባልዲ ነበር። የቮልስ ሞተር ለመቦረሽ የምትሄዱበት ቤት ይህን የማያውቅ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ማግኒዚየሙ ሌላም ድክመት አለው። ቴስታታውን ከሞኖብሎኩ ጋር የሚይዙት በየጎኑ ስምንት ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው፤ ጥርሳቸው የሚነክሰው በዚሁ ለስላሳ ብረት ውስጥ ነው። ሰፋ ያለ ፒስተን በእያንዳንዱ ፍንዳታ ቴስታታውን የሚገፋበት ኃይል ስለሚጨምር፣ በዕድሜ የደከመው ጥርስ ተነቅሎ ይወጣል። መፍትሔው ቀዳዳውን አስፍቶ ውስጡ የብረት ቡሽ መክተት ነው። ሞኖብሎኩ ተበትኖ ባለበት ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ ማስከተት ብልህነት ነው፤ ሁለት ብቻ የተነቀሉ ቢሆንም የቀሩት ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ፒስተን ማስፋት ሰዎች የማያስቡትን ሌላ ነገር አብሮ ይለውጣል፤ እሱም የኮምፕሬሽን ምጣኔ ነው። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር 7.5 ለ 1 አውጥቶለት ነበር። ይህም ማለት 373 ሲሲ የሚውጠው እያንዳንዱ ሲሊንደር፣ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ የሚያጭቀው ወደ 57 ሲሲ ቦታ ውስጥ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 90.5 ሲሆን የሚውጠው 444 ሲሲ ይሆናል፤ የሚያጭቅበት ቦታ ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ቴስታታው ሳይነካ ምጣኔው ከ8.5 በላይ ይወጣል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ምክንያቱም ኮምፕሬሽን ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል።

ደሴ ላይ ቢቀር ኖሮ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደሩ ከመጀመሪያውም በግማሽ ልብ ነው የሚሞላው፤ በ8.5 ታጭቆ እንኳን የሚደርስበት ግፊት በባሕር ጠለል አነስ ያለ ምጣኔ ያለው ሞተር ከሚደርስበት ያንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ መኪና ከፍ ያለ ምጣኔን ያለ ቅሬታ ይሸከማል። ችግሩ ከዚህ ከተማ የሚወጣው መንገድ ሁሉ ወደ ታች መሆኑ ነው። ሐረጎን ወርዶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ኮምቦልቻ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊትም ወደ አራት አምስተኛ እጅ፣ ማለትም በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ይደርሳል። ከዚያ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሄደ ሰው ከፍታው 500 ሜትር ገደማ በሆነና ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ ያገኘዋል። እዚያ ሲሊንደሩ እስከ አፉ ይሞላል፤ የሚገባው አየር የጋለ ነው፤ ቴስታታውም የጋለ ነው። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በራሱ መፈንዳት ይጀምራል፤ ሞተሩ ያንኳኳል። በየማደያው የምናገኘው ቤንዚን አንድ ዓይነት ስለሆነ ደግሞ «ለዛሬ ከፍ ያለውን ልቅዳ» የሚባል ምርጫ የለም። ከሁሉ የሚከፋው በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በራሱ ጫጫታ የሚበዛበት በመሆኑ ማንኳኳቱ በጆሮ ከመሰማቱ በፊት የፒስተኑ ራስ መበላት ሊጀምር መቻሉ ነው።

ስለዚህ ሞተር የሚሠራው ቤቱ ለሚቆምበት ከተማ ሳይሆን በዓመት አንዴም ቢሆን ለሚወርድበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። እኔ ምጣኔውን 8 ለ 1 ላይ ለማቆም ወሰንኩ። ደሴ ላይ ትንሽ ጉልበት እንደማጣ አውቃለሁ፤ ጉልበቱን ግን ከስፋቱ አገኘዋለሁ።

8 ለ 1 ማግኘት ሒሳብም የእጅ ሥራም ነው። የመደብኩት የኋለኛው ዘመን የ1600 ሞተር ቴስታታ ሲሆን፣ የ1968ቱ ለሁለት ሲሊንደር አንድ የአየር መግቢያ ሲኖረው ይህኛው ለየሲሊንደሩ የራሱ መግቢያ አለው። የቃጠሎ ክፍሉን ይዘት ለመለካት ቫልቮቹንና ካንዴላውን አስገብቼ ቴስታታውን አፉን ወደ ላይ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ አፉ ዙሪያ ስስ ግሪስ ቀባሁና መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት የፕላስቲክ ሳህን ገጠምኩበት። ከዚያም ከፋርማሲ በተገዛ የመድኃኒት መርፌ ቀለም የገባበት ነጭ ጋዝ በቀዳዳዋ በኩል እየቆጠሩ መሙላት ነው። ፈሳሹ ወደ ሳህኑ ሲጠጋ የአየር አረፋ አንድ ጥግ ተሸጉጣ ትቀራለች፤ ቴስታታውን በጣት ጫፍ ዘንበል አድርጎ እስክትወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ንባቡ በአንድና በሁለት ሲሲ ይሳሳታል። ክፍሎቹ 51 ሲሲ አካባቢ ሆነው ተገኙ፤ አንዱ ግን ከሌሎቹ ያንስ ነበር። በትንሽ የመሞረጃ ድንጋይ ሹል ሹል ጠርዞቹን እያለሰለስኩ አራቱንም 54 ላይ አገናኘኋቸው። ሹል ጠርዝ ራሱ እንደ ፍም ግሎ ድብልቁን ያለ ጊዜው የሚያቀጣጥል ስለሆነ ይህ ሥራ ሁለት ጥቅም አለው።

የቀረው በፒስተኑ ራስና በሲሊንደሩ አፍ መካከል የሚተወው ክፍተት ነው። ያለ ምንም ነገር ሲገጠም 1.2 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከየሲሊንደሩ እግር ሥር 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ሲገባ 1.45 ሆነ። በዚህ ስፋት ላይ ይህ 9.3 ሲሲ ይይዛል፤ ከ54ቱ ጋር ሲደመር 63.3፤ 444 ለዚህ ሲካፈልና አንድ ሲደመርበት 8 ይመጣል። ክፍተቱን ግን ከዚህ በጣም ማስፋት አይመከርም፤ ምክንያቱም ጠባብ ሲሆን ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ድብልቁን ከዳር ወደ መሐል ጨምቆ ያማታዋል፤ ይህም ራሱ ማንኳኳትን ይከላከላል። ምጣኔን ለመቀነስ ቀለበት ብቻ እየደረደሩ መሄድ በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው መቀማት ነው።

ስለ መገጣጠሙ ረዘም አድርጌ ልናገር የምፈልገው ስለ ፋሻ ነው። ፋሻዎቹ ከካርቶናቸው ወጥተው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚወጡ የሚመስላቸው አሉ። እያንዳንዱ መጀመሪያ ወደሚሠራበት ሲሊንደር ገብቶ በፒስተኑ ራስ ተገፍቶ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ፣ በሁለት ጫፎቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት በፊለር ጌጅ (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) መለካት አለበት። ለላይኞቹ ፋሻዎች ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ፋሻው ሲግል ረዝሞ ጫፎቹ ይጋጫሉ፤ መሄጃ ሲያጣም ግድግዳውን ይቧጥጣል። የጠበበውን በደቃቅ ሞረድ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ እየገፉ ማስተካከል ይቻላል፤ የሰፋውን ግን ሌላ ፋሻ ካልሆነ ምንም አያጠበውም። ሲገጠሙም ክፍተቶቹ በአንድ መስመር እንዳይሆኑ ዙሪያውን ይከፋፈላሉ። ሲሊንደሩ የተጋደመ በመሆኑ ዘይት ከታች ይተኛል፤ ስለዚህ የዘይቱ ፋሻ ክፍተት ወደ ላይ መሆን አለበት።

ፒስተኖቹ በሚዛን ላይ ወጥተው በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል። የከበደው ከውስጡ፣ ጉልበት ከማይሸከምበት ቦታ፣ በጥቂቱ ይላጋል። በራሳቸው ላይ የተቀረጸው ቀስት ወደ ፍላይዊሉ (ከክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ወዳለው ከባድ ክብ ብረት) ማመልከት አለበት፤ ፒኑ (ፒስተኑን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የተሠራ ስለሆነ ተገልብጦ የገባ ፒስተን ግድግዳውን እየመታ ይሠራል። ፒኑን ለማስገባት መዶሻ አያስፈልግም፤ ፒስተኑ በሙቅ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ፒኑ በአውራ ጣት ይገባል። ቫልቮቹን የሚከፍቱት የግፊት ዘንጎች የሚያልፉባቸው ቱቦዎች ደግሞ ቴስታታው ከመቀመጡ በፊት በእጅ ተስበው ርዝመታቸው 190 ሚሊ ሜትር እንዲደርስ ይደረጋል፤ ያልተሳበ ቱቦ ጎሚኒውን አይጫንም፤ ዘይትም ያንጠባጥባል። ቴስታታው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በ10 ኒውተን ሜትር፣ በመጨረሻም በ32 ይጠብቃል። 32 ለለመደ እጅ ጥቂት ይመስላል፤ ግን ማግኒዚየም መሆኑን አንርሳ።

ሥራው እዚህ ላይ ያለቀ የሚመስለው ሰው ሞተሩን በአንድ ክረምት ያጣዋል። ስፋት ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል፤ ሙቀቱን የሚያወጣው ማራገቢያ ግን ያው ነው። በመኪናዬ ዘመን በተሠሩ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር ፊት ስለሚቆም፣ ያ ሲሊንደር የሚደርሰው አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዋናው የአየር መስመር አውጥቶ ለብቻው ቤት ሠራለት። ሲሊንደር ለሚያሰፋ ሰው ያንን የኋለኛውን የማራገቢያ ቤት ከነማቀዝቀዣው መግጠም የግድ ነው እላለሁ። ከሲሊንደሮቹ ሥር የሚገቡት ሁለቱ ላሜራዎች ደግሞ አየሩ የታችኛውን ጎን አቅፎ እንዲያልፍ የሚያስገድዱ ናቸው። በብዙ ቮልሶች ላይ እነዚህ ላሜራዎች የሉም፤ አንድ ቀን አንድ መካኒክ አውልቋቸው ጋራዥ ጥግ ቀርተዋል። ለሰፋው ሲሊንደር እንዲመቹ ጠርዛቸው በጥቂቱ ቢቆረጥም መመለስ አለባቸው።

ካርቡራተሩ ላይ የከፍታው ነገር ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ግን በተቃራኒው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ድብልቁ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። በጂግለሩ (ቤንዚኑ በሚያልፍበት ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚናገር ሲሆን፣ በባሕር ጠለል 130 የሚፈልግ ሞተር በደሴ ከ120 እስከ 125 ይበቃዋል። ይኸው ጂግለር ሚሌ ላይ ሲደርስ ድብልቁን ያቀጥነዋል፤ ቀጭን ድብልቅ ደግሞ ትኩስ ይነዳል፤ ሁለቱ ጣጣዎች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ ማለት ነው። ሶሌክስ በሚባለው ካርቡራተሬ ላይ ዋናው ጂግለር ከጎን ካለው መዝጊያ ቡሎን ጀርባ ስለሚገኝ ትልቁን በኪስ ይዞ ኮምቦልቻ ላይ መቀየር የሻይ ሰዓት እንኳን አይፈጅም። እሳት ማስቀደሙም (ካንዴላው ቀደም ብሎ እንዲለኩስ ማድረጉ) እንዲሁ ነው፤ ደሴ ላይ ሁለት ሦስት ዲግሪ ቢያስቀድሙ ሞተሩ ይወደዋል፤ ቆላ ለሚወርድ ግን በከፍተኛ ዙር ላይ ጠቅላላው ከ30 ዲግሪ ባያልፍ ይሻላል።

አነዳዱንም መለወጥ ያስፈልጋል። ሐረጎን ስትወጡ ሞተሩ በአራተኛ ማርሽ ሊሳብ ይችላል፤ ጉልበቱ አለውና እምቢ አይልም። ነገር ግን ማራገቢያው የሚዞረው በቺንጋ ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ስለሆነ ዙሩ ሲወርድ አየሩም አብሮ ይወርዳል፤ ሞተሩ አብዝቶ በሚለፋበት ሰዓት ማቀዝቀዣው ይደክማል። ወደ ሦስተኛ አውርዶ በዙር መውጣት ለጆሮ ቢከብድም ለሲሊንደሩ እረፍት ነው። አሁን መኪናዋ ያን ዳገት በሦስተኛ ስትወጣ ከሚኒባሶቹ ኋላ መሰለፏ ቀርቷል፤ በሒሳቡ 39 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሊኖራት ይገባል። ይህ በባሕር ዳርቻ የነበራትን 44 እንኳን አይሞላም። ያንን ለመሙላት 2,000 ሲሲ የሚጠጋ ሞተር ያስፈልግ ነበር፤ ያ ደግሞ ክራንክ ሻፍት መቀየርን የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች በኋላ የቫልቮቹ ክፍተት ቀዝቃዛ ሞተር ላይ 0.15 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ዳግመኛ ይለካል፤ ቴስታታው ቦታውን ሲይዝ ልኩ ይለወጣልና። ዘይቱም ያኔ ይቀየራል። ይህ ሞተር የወረቀት ማጣሪያ የለውም፤ ከሥሩ ያለችው የሽቦ ወንፊት ትልልቁን ብቻ ነው የምትይዘው፤ ፋሻና ግድግዳ ሲላመዱ የሚወጣው ደቃቅ ብረት ሁሉ በዘይቱ ውስጥ ይዞራል። ፋብሪካው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል፤ እኔ በግማሹ እቀይራለሁ። የሚገባው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ወንፊቷም በነጭ ጋዝ ታጥባ ከነአዲስ ጓርኒሲዮኗ ትመለሳለች።